መጨረሻ የሚወጣው ትምህርት ቤት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ በጾም የበላሁት ቋንጣ ብቻ ቢሰበሰብ አንድ ሰንጋ ይወጣዋል። ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ።

በደብረ ታቦር ዙሪያ የስድስት ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነበርሁ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ፣ ከተፈተኑት ውስጥ ስንቱ እንዳለፈ አስልቼ፣ ትምህርት ቤቶቹን በደረጃ ደርድሬ በስብሰባ አነብባለሁ። አንደኞቹ እንዴት አንደኛ እንደሚወጡ አሳምሬ አውቃለሁ። ደካማውን ልጅ «ዘንድሮ ይቅርብህ፣ ለከርሞ ትፈተናለህ» ብለው ያስቀሩታል። ያልተፈተነ አይወድቅማ! አውቅ ነበር፤ ዝም አልሁ።

መምህር ተገኘ ብቻ እንቢ አሉ። ፀጉራቸው የሸበተ ርዕሰ መምህር ናቸው። አጨዳ ላይ የሰነበተውንም፣ ሁለቴ የወደቀውንም ያስፈትናሉ። ስለዚህ በየዓመቱ መጨረሻ ይወጣሉ።

አንድ ዓመት ውጤቱን ሳነብ፣ እሳቸው ጋ ስደርስ ምላሴን በላኝ።

«ከመምህር ተገኘ ትምህርት ቤት ልጅ ከሚያልፍ፣ ጋፋት ላይ እንደገና መድፍ መሥራት ይቀላል!» አልሁ።

ሳቁ ጣራ ገዳም ድረስ ሄዶ መነኮሳቱን ከጸሎታቸው ሳያናጥባቸው አልቀረም። እሳቸው አልሳቁም።

«ሁሉንም ነው ያስፈተንሁ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«እሱማ ከውጤቱ ያስታውቃል፣ መምህር!»

ዳግመኛ ተሳቀ። ጠልቻቸው ነበር? የለም፣ አከብራቸው ነበር። «እኒህ ሰው አንድም ልጅ አላስቀሩም» ብል ምን እሆን ነበር? ምንም። እኔ ግን ሳቁን ወደድሁ።

በዓመቱ ትምህርት ቤታቸው ሁለተኛ ወጣ። መዳፌ እስኪላጥ አጨበጨብሁ። ስንወጣ መምህር ተገኘ በር ላይ ጠብቀው አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጡኝ።

«እንካ መድፍህን» አሉኝ።

የዘጠኝ ልጆች ስም ከነቀበሌያቸው ነበረባት፣ ከግርጌዋም የእሳቸው ፊርማ። እንዳይፈተኑ ያስቀሯቸው ናቸው።

«ለከርሞ ይፈተናሉ እኮ፣ መምህር» አልሁ።

«ከሌሎቹ ዘንድ የቀሩት ለከርሞ ሲመጡ አይተሃል?»

አላየሁም። እነዚህም አልመጡም። አንዱ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ላይ የጠበልተኛ ዕቃ ይሸከማል ሲሉ ሰማሁ፤ የሌሎቹን አልጠየቅሁም።

ያስቀሯቸው እሳቸው ናቸው ልበል? ፊርማው የእሳቸው ነው፣ እውነት ነው። ያንን ፊርማ ያስፈረመ ግን ማን ነው? እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ያልተበገረ ሰው፣ በእኔ ቀልድ ተሸነፈ።

ዛሬም ሠርግ ላይ «እስቲ ያችን የመድፏን ንገረን!» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ፤ እጄን እያወናጨፍሁ፣ ድምፄን እየቀያየርሁ። ሳቁ ላይ ስደርስ አቆማለሁ። ወረቀቷን ተናግሬያት አላውቅም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት ዘጠኙ ናቸው። ስማቸው ከነአባታቸው፣ ቀበሌያቸው ሳይቀር በእጄ አለ፤ የአንዳቸውንም ደጅ ግን አልረገጥሁም።