ጤና አዳም በጌቶች ግቢ

ጄኔቭ ውስጥ ዲፕሎማቶች ቤት አድሬ የምሠራ ሴት ነኝ። አዳሪ ሠራተኛ ልጇን አጠገቧ አታሳድግም፤ የኔን ዙሪክ አጠገብ፣ ረገንስዶርፍ፣ ታናሽ እህቴ ታሳድግልኛለች። ወልዶ መሳም፣ ዘርቶ መቃም ተብሎ ይመረቃል። እኔ ወለድኩ፣ እሷ ትስማለች። ቅናት የሥጋ ሥራ ነው ይላሉ ፓስተራችን፤ እሳቸው እህቴን አያውቋትም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እህቴ ልጅቷን ይዛ እንግሊዝ አገር ልትሄድ ሆነ፤ የድሮ መኳንንት መኖሪያ የነበረ ቤትና የአትክልት ቦታውን ለማየት። እኔም ማዳምን ፈቃድ ለምኜ ተከተልኳቸው። ልጄ ከጎኔ እንድትሄድ፣ እጄን እንድትይዝ ነው የፈለግኩት፤ ሌላው ቢቀርም ይቅር።

ግቢው ያምራል፤ ባያምር ደስ ባለኝ። ጽጌረዳው የድንጋዩን አጥር ለብሶታል፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተስተካክሏል። ልጄ ግን የእህቴን እጅ እንደያዘች ቀረች። ሁለቱ እየተሳሳቁ ከፊት፣ እኔ ቦርሳ ተሸክሜ ከኋላ። አበባ ባዩ ቁጥር ተቃቅፈው ይቆማሉ፣ ፎቶ አንሺዋ እኔ ነኝ።

የቅመማ ቅመም መደቡ ጋ ስንደርስ ጤና አዳም አየሁ። እንግሊዞች ጤና አዳም ይተክላሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። እጄ ሳያማክረኝ ቀጠፈ፤ አሸተትኩና ልጄም እንድታሸተው ዘረጋሁላት። ግቢውን የምትጠብቀው ባልቴት ከሩቅ ጣቷን አወዛወዘችብኝ።

ልጄ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ፌርቦተን ነው፤ አይንኩ» አለችኝ፣ ክልክሉን በጀርመንኛ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞራ፣ «አንቺ ንገሪያቸው።»

ከጀርባዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

«አማርኛዋን ሰማሽ?» አለች እህቴ ኮራ ብላ። «ትልቅ ሰው እርስዎ ይባላል ብዬ አስተማርኳት።»

«ታዲያ አንቺን ለምን አንቺ ትልሻለች?»

ልጄ ቀድማ መለሰች። «እሷ የቤት ናት። እርስዎ እንግዳ ነዎት።»

እህቴ ደነገጠች፤ ልትቆጣት አፏን ከፈተች። መቆጣቱም የሷ ድርሻ መሆኑ ከሁሉ በላይ አቃጠለኝ። ቀደምኳትና ልጄን፣ «ጎበዝ፣ አማርኛሽ ጥሩ ነው» አልኳት፤ እንግዳ ሰው የሚናገረውን።