ከወዲያ የማይመለስ መርፌ

ሰዓድ ክንድ የሚያህል መርፌ ላይ ሲባጎ ያስገባል። ፍራሹን በጠርዙ ያቆማል፣ ጥጡን በመዳፉ ይደቁሳል፣ መርፌውን ሰክቶ እስከ ጫፉ ይገፋል። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። መርፌው አይመለስም። ተነስቶ ይዞርና ከወዲያ በኩል ራሱ ስቦ ያጠብቀዋል።

እዚህ ኮልፌ ፍራሽ የሚሰፉት ሁለት ሆነው ነበር፤ ከወዲያ በኩል ታላቅ ወንድሙ ኢብራር። አንዱ መርፌውን ሲሰድ "ያዝከው?" ይላል፤ ሌላው "ያዝኩት" ብሎ ይመልሳል።

አምና ኢብራር ሸክም ባነሳ ቁጥር ልቡ እየሮጠ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ሐኪም ቤት ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው፣ ወገቡ ላይ የልብ ምት የምትቀዳ ትንሽ ሳጥን አስታጥቀው ለአንድ ቀንና ሌሊት ላኩት። አያምም፤ ውሃ እንዳይነካው ብቻ ነው። "የሁልጊዜ ሥራህን ሥራ" ብለውታል። ማን ሰምቶ! እናቱ ዙቤዳ አስተኛችው። ጎረቤት ሾርባ ይዞ እየመጣ በሩ ላይ "ቀስ በሉ፣ ማሽን አለ!" ይባባላል። ሳጥኑም የተኛ ሰው ልብ ቀዳ። ውጤቱ "ደህና" ሆነ። በወሩ ጦር ኃይሎች ሰፈር ፍራሽ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ወደቀ። አልተነሳም።

ዘንድሮ ያው ሩጫ የሰዓድን ልብ ያዘው። ያው ዓይነት ሳጥን ወገቡ ላይ ታሰረ።

"ና ተኛ አንተ ልጅ!" አለች ዙቤዳ። "ልትሰብረው ነው?"

"እማዬ፣ ሳጥኑ የመጣው ፍራሽ ሰፊ ሊያይ ነው፤ አራስ ሊጠይቅ አይደለም።"

"ምላስህ! ወንድምህም እንዲህ ይቀልድ ነበር።"

ሰዓድ ያለቀለትን ፍራሽ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ከበሩ ሳይደርስ ልቡ ሮጠ፣ ምት ሳተ፣ እንደገና ሮጠ። ፍራሹን ጥሎ ተቀመጠና ልቡ ሲሮጥ እንዲጫነው የታዘዘውን የሳጥኗን ቁልፍ ተጫነ።

"ያዝከው?" አለ፤ አፉ ለምዶ።

ዙቤዳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሐኪሟ ሳጥኗ በቀዳችው ውስጥ ሩጫውን ከነሰዓቱ አገኘችው። ሰዓድ መድኃኒት ጀምሯል፤ ከባድ ሸክም ተከልክሏል። መርፌውን ግን አልተወም፤ አሁንም ሰክቶ ይጠብቃል።

ታሪኩን እንደምጽፍ ስነግረው ከፍራሹ ቀና አላለም።

"እንግዲህ ለሚያነቡት እንዲህ በልልኝ፦ ሳጥኑን ከታጠቃችሁ፣ ሐኪም ካልከለከላችሁ በቀር፣ የየዕለት ሥራችሁን ሥሩ። ቤተሰብ ላስተኛችሁ ካለ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ የኢብራርን ነገር ንገሩልኝ።"