ጥሩነህ ይበልጣል ያልኩበት ቀን

ከበሮ ሥራ የጀመርኩት ጎጃም፣ አምበር አጠገብ፣ አለቃዬ እሸቴ ደጃፍ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ከውኃ የወጣ የበሬ ቆዳ ስፍቅ ዋልኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሸቴ ቆዳውን በጣቱ ዳሰሰና «ጠጉሩን አውጥተሃል፤ ሥጋውን ግን ትተኸዋል። ነገ እንደገና» አለኝ። ሽታው ሳምንት ሙሉ ከእጄ አልለቀቀም።

ሥራው እንዲህ ነው። የዋንዛ ግንድ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ሆኖ ይፈለፈላል። ሁለቱም አፎች ቆዳ ይለብሱና በጠፍር ይወጠራሉ። ሰፊው ፊት ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ ጠባቡ ቀጭን። እርጥበት ሲገባው ቆዳው ስለሚላላ ከበሮ ሠሪ ከደብር ደብር እየዞረ ሲያጠብቅ ይኖራል።

በየደብሩ እንፈለጋለን፤ ግን አንከበርም። ቆዳ የሚነካ ሰው «ፋቂ» ይባላል። በዓል ሲሆን ካህናቱና ደብተራዎቹ ደጀ ሰላም ውስጥ ተቀምጠው ይበላሉ፤ እኔ ድርሻዬን ይዤ ከበሩ ውጭ እቀመጥ ነበር። ይህን የማነሳው ለማማረር ብቻ አይደለም። ኋላ የሠራሁት ጥፋት የመጣው ከዚሁ ነው።

እዚያ በር ላይ ሆኜ አንድ ክርክር ለዓመታት ሰማሁ። በደብራችን ሁለት ስመ ጥር ከበሮ መቺዎች ነበሩ፤ ማሕሌት ሲቆም በቀኝ ከሚቆሙት ደብተራ ጥሩነህ፣ በግራ ከሚቆሙት ደብተራ አያሌው። ሁለቱም እኩዮቼ ስለነበሩ «አንተ» እንባባል ነበር። ጠላው ሲደጋገም «ለመሆኑ ማን ይበልጣል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም።

«የጥሩነህን ዝግታ ማን ይችለዋል?» ይላሉ ቀኞቹ።

«ዝግታማ ሰነፍም ይችላል! አያሌው ሲያፋጥነው አላያችሁም?» ይላሉ ግራዎቹ።

አንድ ጊዜ በመቋሚያ ሊማቱ ተነሡ። መሪጌታው «እግዚአብሔርን ለማመስገን ደግሞ በላጭና አናሳ ያስፈልጋል?» ብለው ተቆጡ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቆይተው ክርክራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

እኔን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ንድድ የሚያደርገኝም ይህ ነበር፤ መልሱ ያለው እኔ እጅ ነበራ። ያረጀ ቆዳ ስቀይር የመቺው እጅ የት የት እንዳረፈ ቆዳው ላይ አየዋለሁ። የአያሌው ከበሮ ቆዳ እዚህም እዚያም የሳሳ ነው። የጥሩነህ ግን አንዲት መዳፍ የምታክል ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚሳሳው። ዓመቱን ሙሉ እጁ ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አይልም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ከያዘ በኋላ አርበኛው ጫካ ገባ። አንድ ረፋድ ላይ የጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚ ደጄ መጣ። ከበሮ ሊያሠራ መስሎኝ በርጩማ ሳቀርብለት «የለም፣ እርስዎ ይቀመጡ» አለኝ። በዕድሜዬ «እርስዎ» ሲለኝ የሰማሁት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

«የአገሩ አንደኛ ከበሮ መቺ አያሌው ነው ይባላል» አለኝ።

«ማን አለ?»

«ሁሉም ይላል። ባለሙያው ግን እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ የሚሉትን መስማት እፈልጋለሁ።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም አላልኩም። «አያሌው ጎበዝ ነው፤ ግን ጥሩነህ ይበልጣል። ሕዝቡ የእሱን እጅ ከሩቅ ይለየዋል» አልኩት። ያረጁትን ቆዳዎች እያወጣሁ አሳየሁት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ሲሄድ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

በሳምንቱ ጥሩነህን ወሰዱት። መሣሪያውን ይዞ የገባ ምሕረት ያገኛል የሚል አዋጅ ይጁቤ ገበያ ላይ ሊነገር ነበርና በከበሮው ሰው እንዲሰበስብ ታዘዘ። የጣሊያን ነጋሪት ቢመታ ሰው ይሸሻል፤ የጥሩነህን ከበሮ ግን ያምነዋል። እምቢ ካልክ ደብሩን እናቃጥላለን አሉት። እኔም ጠፍሩን እንዳጠብቅ ተጠራሁ። ከበሮውን ሳቀብለው ቀና ብሎ አላየኝም።

መምታት ጀመረ። የሚመታው ሰፊውን ፊት ብቻ ነበር፤ በግራ እጁ የሚመታውን ጠባቡን ጨርሶ አልነካውም። ድም፣ ድም፣ ድም፣ እንዲሁ ያለ መልስ። ሰው ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ፤ ጠመንጃ ያነገቱም ገቡ። የደብራችን ሰዎችም ወጥተው ነበር።

«ጥሩነህ ምን ነካው? ግራ እጁ ሰለለ እንዴ?» አለ ከግራዎቹ አንዱ።

«አሞት ይሆናል እንጂ!»

«ምን ያመዋል! በላጩ አያሌው ነው ስንላችሁ አልሰማ አላችሁ!»

ክርክሩ እዚያው ገበያ መሃል ጦፈ። እኔም ከእነሱ አልተሻልኩም። በባዕድ ፊት ይበልጣል ብዬ መስክሬለት አዋረደኝ እያልኩ በልቤ እበሳጭ ነበር።

አያሌው ግን ፊቱ ልውጥ አለ። የአጠገቡን ሰው ክንድ ይዞ «እንውጣ! ኧረ በማርያም እንውጣ!» እያለ ይጎትት ጀመር። ጥሩነህን ማየት አቅቶት ነው፣ ቅናት ነው ብለው ሳቁበት። ሦስት ሰው ብቻ አስከትሎ ሄደ።

አዋጁ ተነገረ። መሣሪያቸውን ያስረከቡት ለብቻ ቆሙ። ወዲያው ወታደሮቹ ከበቧቸው፤ የኋሊት አሥረው በካሚዮን ጫኗቸው። የእሸቴ ታላቅ ልጅ ከእነሱ መሃል ነበር። ከዚያ ካሚዮን የተመለሰ ሰው የለም።

ወር ያህል ስፈራ ስቸር ቆይቼ ጥሩነህ ቤት ሄድኩ። ጎረቤቱ «ባንዳ» ብሎ ርቆታል። እሳት የሌለው ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ስምህን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አልኩት።

«ነግረውኛል» አለ። ቀጥሎም፣ «እኔን የገደለኝ እሱ አይደለም። ማሕሌት ላይ ጠባቡን ፊት ትቼ ሰፊውን ብቻ ስመታ ምን ማለቴ ነው?» አለኝ።

በደብራችን ይህን የማያውቅ አልነበረም። ዜማው ሲሳሳት ከበሮ መቺው ጠባቡን ፊት ይተወዋል፤ መዘምራኑም ያንን ሲሰሙ ያቆማሉ።

«ቁሙ ማለት ነው» አልኩት። «ተሳስታችኋል፣ ተመለሱ ማለት ነው።»

«ክንዴ እስኪዝል አልኳችሁ። ደብሩ በሙሉ እዚያ ቆሞ የሰማኝ አያሌው ብቻ ነው።»

ጥሩነህ ጣሊያን ከመውጣቱ በፊት ሞተ። ለቀብሩ የወጣነው ከአሥር አንሞላም፤ ቃሬዛውን ከፊት የያዘው አያሌው ነበር።

አሁን ከበሮ የሚማሩ ወጣቶች ቆዳ እንደማነብ ሰምተው «ከሁለቱ ማን ይበልጥ ነበር?» ይሉኛል። አላውቅም እላቸዋለሁ። ከበሮ ሲመታ የሚለውን መጀመሪያ ስሙ፤ የመቺውን ማንነት ከዚያ በኋላ ታወዳድራላችሁ። እኔ ያን ቀን ሳወዳድር ሳልሰማ ቀረሁ፤ ሰዎቹም ሄደው ቀሩ።