ሰባት መቶ ሃያ እርምጃ

የንስሐ አባቴ የነበሩት ቄስ ሞቱ፤ እሳቸውን የተኩትም አርጅተዋል። ለሁለቱም ጾም የገደፍኩበትን፣ ሰው የሰደብኩበትን፣ ሚስቴን ያስለቀስኩበትን ቀን ሳልደብቅ ተናግሬአለሁ። ይህን ግን ለአንዳቸውም አልነገርኩም። ሚስቴም ሳታውቀው ተቀበረች። ዛሬ ለእርስዎ፣ ለማያውቁኝ አንባቢ እጽፈዋለሁ። ስለማያውቁኝ ይሆናል የደፈርኩት።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ፤ ያለዚያ ጥፋቴ አይገባዎትም። ዘለቀ እባላለሁ። ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ሀ ሁን ከአንድ ዘበኛ ጓደኛዬ ተቀበልኩ፤ የቀረውን የተማርኩት ተከራይቼ ከምኖርበት የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። አንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ተለጥፎ ስለነበር ተዘቅዝቆ የተጻፈም አነባለሁ። ይህን የሚችል የተማረ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። መደመርና ማባዛትም ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። እንዲህ ያለ ሰው ሲኮራ ይፈረድበታል? ያኔ አይፈረድብኝም ባይ ነበርኩ።

በደርግ ጊዜ ነው። ጉለሌ ውስጥ፣ ከጳውሎስ ሐኪም ቤት ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ሉና ፓርክ ተከፈተ። ዥዋዥዌ፣ የእንጨት ፈረሶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወንበሮች የተንጠለጠሉበት ትልቅ የብረት መንኮራኩር ነበረው። እኔ በሩ ላይ ትኬት ቆራጭ ሆንኩ። ከፍቼ፣ ከአምቦ፣ ከደብረ ብርሃን ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ሰው በመስኮቴ አንገቱን አስግጎ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ትኬት አልነበረም። «የት እንደር?» ነበር የሚለኝ። ደህና ሆቴል ውድ ነው። ርካሹ አልጋ ደግሞ አብዛኛው ከመጠጥ ቤት ጀርባ ነው፤ ልጅ ይዞ አይታደርበትም። ራቅ ካለ ቦታ ደግሞ የታክሲው ወጪ አለ። ስለዚህ ማንም ሳያዘኝ አንድ ሥራ ሠራሁ።

በእረፍት ቀኔ በአካባቢው ያሉትን ማደሪያዎች አንድ በአንድ ዞርኩ። አንሶላ ገልጬ አሸተትኩ። በፍራሽ ጠርዝ ትኋን ፈለግሁ። በሩ ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ፣ ውሃ በበርሜል ይቀመጥ እንደሆነ፣ ከጎን ሙዚቃ የሚያስጮህ ይኖር እንደሆነ አየሁ። ከሃያ ያህል ስድስቱ ብቻ ፈተናዬን አለፉ። ከዚያ ከፓርኩ በር እስከ እያንዳንዳቸው ደጃፍ በእግሬ ቆጠርኩ። እርምጃዬ አይዛነፍም፤ በአናጢ ሜትር አስለክቼዋለሁ፤ ሰባ አምስት ሳንቲሜትር ነው። ስማቸውን፣ ዋጋቸውንና የእርምጃውን ብዛት በትልቅ ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም ጽፌ ከመስኮቴ አጠገብ ሰቀልኩት። አንደኛ ያደረግሁት የወይዘሮ አስካለን ቤት ነበር። ባለ አራት አልጋ፣ ከሁሉም ርካሽ፣ ከሁሉም ንጹሕ፣ ከሁሉም ቅርብ። ሰባት መቶ ሃያ እርምጃ።

መንኮራኩሩን የሚያዞረው ታደሰ «ሜትሩ» የሚል ስም አወጣልኝ።

«ሜትሩ! ከዚህ እስከ ገነት ስንት እርምጃ ነው?» ይለኛል ሰው በተሰበሰበበት።

«ላንተ አልቆጠርኩትም፤ መንገዱ ዝግ ነው» እለዋለሁ።

ሰው ይስቃል። እኔም ደስ ይለኛል። ሰሌዳዬ ስህተት የለበትም እያልኩ ለሰማኝ ሁሉ እናገር ነበር።

ስህተቱን ልንገርዎ። የቆጠርኩት በጥር ነው። በጥር ወደ ወይዘሮ አስካለ ቤት የሚወስደው መንገድ ሜዳውን ያቋርጥና ወንዟን በአንድ የግንድ መሻገሪያ ያልፋል። በነሐሴ ወንዟ ሞላች፤ ግንዱንም ይዛው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወደ እሳቸው ቤት የሚሄድ ሰው በአስፋልቱ ድልድይ ዞሮ ዳገቱን መውጣት ነበረበት። ይህን አላውቅም ነበር ብል እንዴት በቀለለኝ! ግን አውቅ ነበር። ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ ራሳቸው ነጠላቸውን ተከናንበው በዝናብ መጥተው ነገሩኝ።

«ዘለቀ፣ መሻገሪያውን ውሃ ወሰደው። ሰሌዳህ ላይ ያለውን ቁጥሬን አጥፋልኝ።»

«እትዬ አስካለ፣ ሐሙስ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች አሉብኝ። ሰሌዳውን ሊያዩ ነው የሚመጡት። የዘይት ቀለም ሲፋቅ ይጨማለቃል፤ ከሐሙስ በኋላ አስተካክለዋለሁ።»

«ወንዙ ሐሙስን ይጠብቅሃል? ውሃ እንደሆነ ስብሰባ አያውቅ።»

«በአፌ እነግራቸዋለሁ፣ ይሂዱ።»

«በል እንግዲህ፣ አደራ።»

አደራ አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። እንግዶቹ የሚመጡት የአርአያ ሠራተኛ የምስክር ወረቀት ሊሰጡኝ ነበር። በራሱ የተማረ ትኬት ቆራጭ ከተማሩት በላይ ሠራ ተብሎ ስሜ በስብሰባ ሊጠራ ነበር። የተፋቀ ቁጥር እንዴት አድርጌ ላሳያቸው?

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ወደ መስኮቴ መጣች። ከደብረ ብርሃን አውቶቡስ መውረዷ ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመት ይሆናታል፤ ለመታዘል ትልቅ ናት። ከንፈሯ ጠቆር ብሏል። በዝናቡ ምክንያት መንኮራኩሩ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ ማንበብ አልችልም» አለችኝ እናትየው። «ከእነዚህ ውስጥ ለእግር የሚቀርበው የቱ ነው? እመቤት ብዙ መሄድ አትችልም፤ ልቧን ነው የሚያማት። ዓርብ ሐኪም ቤት ትተኛለች። መንኮራኩሩን ሳላይ አልተኛም ብላኝ ነው የመጣነው።»

ልጅቷ ከእናቷ ትከሻ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ከላይ ሲሆኑ ደብረ ብርሃን ይታያል?»

«እንዴታ! በደንብ ይታያል» አልኳት። መንኮራኩሩ ላይ አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። አላውቅም ማለት ግን ለእኔ ልብስ አውልቆ እንደ መቆም ነበር።

ያን ጊዜ ከሴትየዋ ኋላ ካኪ የለበሰ ሰው ቆሞ ነበር። ለሐሙሱ ጉብኝት ቦታውን አስቀድሞ ሊያይ ከከፍተኛው፣ ከቀበሌዎቹ በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ የተላከ ነው። ሰሌዳዬን እያነበበ «እነዚህን ቁጥሮች በእውነት በእግርህ ነው የለካሃቸው?» አለኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ይመልከቱኝ። በአንድ በኩል ልቧ የታመመ ልጅ ያዘለች እናት፣ በሌላ በኩል ካኪ የለበሰ ሰው። ለእሷ «እህቴ፣ እዚያ አትሂጂ፤ ሁለተኛው ይሻልሻል» ማለት አምስት ቃል ብቻ ነው። ሰሌዳው በዘይት ቀለም ተጽፏል፤ አፌ ግን በቀለም አልተጻፈም ነበር። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ሂጂ። ሜዳውን አቋርጠሽ ቀጥ ብለሽ። ሰባት መቶ ሃያ እርምጃ ነው፤ አንድ አይጎድል፣ አንድ አይተርፍ።»

ካኪ የለበሰው ሰው ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። እሷ «እግዜር ይስጥልን» ብላ ሄደች። ልጅቷ አንድ እጇን ከነጠላው ውስጥ አውጥታ ተሰናበተችኝ።

ጥቂት ቆይቶ ዝናቡ በረታ። ሰውየው እስኪሄድ ጠበቅሁ። ከሄደም በኋላ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ከወንዙ ስትደርስ ትመለሳለች፣ ያን ጊዜ ሌላ ቦታ አሳያታለሁ አልኩ። አልተመለሰችም። ሰው አይታ ጠይቃ ይሆናል አልኩ። ትንሽ ብትዞር ምን አለበት፣ ዳገቱም እንዲያ አይከብድም አልኩ። የወንዙ ድምፅ እመስኮቴ ድረስ ይሰማኛል። ታደሰ «ሜትሩ፣ ምን ሆነህ ነው መንገድ መንገዱን የምታይ?» ሲለኝ ሰደብኩት። እስክንዘጋ ድረስ መንገዱን ሳይ ዋልኩ፤ ተነስቼ ግን አልተከተልኳትም። ለምን? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ከተከተልኳት መሳሳቴን ማመኔ ነበራ።

ሐሙስ ገና ሲነጋ ከፓርኩ በር ተነስቼ በአስፋልቱ ድልድይ ዞሬ እስከ ወይዘሮ አስካለ ደጃፍ ቆጠርኩ። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ እርምጃ። ግማሹ ዳገት ነው። ደጃፉ ላይ አንድ ትንሽ የላስቲክ ጫማ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አየሁ። ከማዶ ሁለት ጎረቤቶች ባዶ ቃሬዛ ይዘው ሲመለሱ አየሁ። «ልጅቷስ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ባርኔጣዬን ዝቅ አድርጌ ዞሬ ተመለስኩ። በሦስት ሰዓት እንግዶቹ መጡ፤ ሰሌዳዬን አደነቁ፤ እኔም ፈገግ አልኩ።

የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። እናትየው ሜዳውን አቋርጣ ከወንዙ ስትደርስ መሻገሪያ የለም። ተመልሳ በድልድዩ ዞረች። ዝናቡ ሲያይልና ጉልበቷ ሲከዳት ልጅቷ «ልውረድ እማዬ፣ እሄዳለሁ» ብላ ወርዳ ዳገቱን በእግሯ ጀመረች። ከወይዘሮ አስካለ በር ላይ ስትደርስ ወደቀች። ወይዘሮ አስካለ ጎረቤት ጠርተው በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት አስወሰዷት፤ ተሸካሚዎቹም በሰዓት እላፊው ምክንያት እዚያው አድረው ሲነጋ ተመለሱ።

ነገሩ ቀበሌ ደረሰና፣ የልጅቷ ነገር ገና ሳይለይ፣ ቅዳሜ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ተነሳ። ለማያውቀው፣ በዚያ ዘመን ሰው በስብሰባ መሐል እየቆመ ጥፋቱን ራሱ ይናገር ነበር። ይመልከቱ እንግዲህ፤ ለመናዘዝ ቦታ ተዘጋጅቶልኝ፣ ወንበር ተደርድሮልኝ፣ ሰው ጆሮውን ሰጥቶኝ ነበር። እኔም ተነሳሁ።

«የእኔ ድክመት» አልኩ «ሰው ማመኔ ነው። መሻገሪያው መፍረሱን የቤቱ ባለቤት አልነገሩኝም። ደንበኛ እንዳይቀርባቸው ደብቀው ይሆናል፤ እኔ ግን መጠርጠር ነበረብኝ። ለዚህ ራሴን እሂሳለሁ።»

ወይዘሮ አስካለ ከኋላ ተነሱ። ድምፃቸው አልጮኸም። «ዘለቀ፣ ዓይኔን እያየህ ተናገር።»

አላየኋቸውም። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን መፈክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ ጨርሼም ደግሜ አነበብኩ። ማንበብን ለዚህ ነበር የተማርኩት? ሊቀመንበሩ የእሳቸውን ቃል ከእኔ ቃል ጋር መዘነ። እኔ አርአያ ሠራተኛ ነኝ፤ ንግግር አውቃለሁ። እሳቸው አልጋ የሚያከራዩ ብቸኛ መበለት ናቸው። እንግዳ እንዳይቀበሉ ተከለከሉ። ስንወጣ በሩ ላይ ጠብቀውኝ «አይዞህ፣ እኔስ አራት አልጋ ነው ያጣሁት» ብቻ አሉኝ። «አንተስ ምን አጣህ?» ሊሉ ፈልገው ነበር። አላሉም።

አልጋዎቻቸውን ሸጠው ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ እየፈተሉ ኖሩ። ጋቢ ስገዛ ሁልጊዜ ፈትሉን በጣቴ እዳስሳለሁ፤ የማን እጅ ይሆን እያልኩ። ደርግም ሄደ፣ እሳቸውም ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፤ ከኋላ።

ልጅቷ ትዳን ትሙት አላውቅም። ሐኪም ቤቱ ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ እርምጃ ነው። ስንት ጊዜ ከበሩ ደርሼ እንደተመለስኩ ግን፣ ሁሉን የምቆጥረው እኔ፣ አልቆጠርኩም። ሞታለች እንዳይሉኝ ፈራሁ። ድናለች ቢሉኝም ፊት ለፊቷ ልቆም ነውና እሱንም ፈራሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አዲሱ ዓመት ገብቶ ኅዳር ላይ፣ ፓርኩ ሳይከፈት፣ ታደሰን ለምኜ መንኮራኩሩ ላይ ወጣሁ። «ሜትሩ ፈራ!» እያለ እየሳቀ ከላይ አቆመኝ። ወንበሩ ተወዛወዘ። ዓይኔን ስገልጥ ሜዳው፣ ወንዙ፣ የአስፋልቱ ድልድይ፣ ዳገቱ፣ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ደግሞ የወይዘሮ አስካለ ቆርቆሮ ጣሪያ አንድም ሳይቀር ከፊቴ ተዘርግቷል። ጣቴን አንስቼ በመንገዱ ላይ ከፓርኩ በር እስከ እሳቸው በር ወሰድኩት።

ያኔ መሃይም ነበርኩ፣ ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ፈርቼ ነበር አልልም። ማንበብ እችል ነበር፤ ማንም አላስገደደኝም፤ የፈራሁትም ቀበሌን ሳይሆን የተፋቀ ቁጥርን ነው። ይቅርታ ማድረግ የሚችሉት ሁለት ነበሩ፤ አንደኛዋ፣ እትዬ አስካለ፣ ከመሬት በታች ናቸው። ለሌላይቱ፣ ካለች፣ ያን ቀን የጠየቀችኝን በትክክል ልመልስላት።

እመቤት፣ ከላይ ሆነው ሲያዩ ደብረ ብርሃን አይታይም። የሚታየው መንገዱ ነው።