ሳይነሳ የቆየው የመስቀል ድርሻ

ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ቅዳሜና እሑድን በአንዲት ትንሽ ከተማ ማሳለፍ የእኔና የባለቤቴ ልማድ የሆነው፣ መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አንድ ዓመት ቡታጅራ፣ ሌላ ዓመት ወልቂጤ ሄደናል። የትኛው እንደሚቀድም ግን ዛሬ አስረግጬ መናገር አልችልም። በትውስታዬ ሁለቱ ከተሞች አንዱ የሌላውን ዕቃ ይዋሳሉ፤ ቡታጅራ በየደጁ ተሰጥቶ ያየሁትን የማረቆ በርበሬ አንዳንድ ቀን ወልቂጤ ላይ አገኘዋለሁ፤ የወልቂጤም ቀይ አፈር በቡታጅራ የፈረስ ጋሪዎች ጎማ ላይ ተለጥፎ ይታየኛል። አሁን የምተርከው ነገር ወልቂጤ ለመፈጸሙ ያለኝ ማስረጃ አንድ ነው፤ በመንገዳችን ወሊሶ ላይ ቁርስ በልተናል፤ ወደ ቡታጅራ የሚጓዝ ሰው ደግሞ ወሊሶን አያይም።

መስቀል ካለፈ አንድ ሳምንት ያህል ሆኖት ነበር። ጊዜውን የመረጠችው ባለቤቴ ናት፤ «አገሬው ሲመለስ እኛ እንሂድ» ብላ። እውነቷን ነበር። ለመስቀል አገራቸው የገቡት የጉራጌ ልጆች ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱባቸው አውቶቡሶች፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ በጣሪያቸው ቆልለው እያቃሰቱ ያልፉን ነበር፤ የእኛው ግን ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ረዳቱ ትኬታችንን እያየ፣

«መስቀል እኮ አለፈ! የከርሞውን ከአሁኑ ልትጠብቁ ነው?» አለን።

«ወረፋ ይዘን ነው» አለችው ባለቤቴ።

ያረፍነው ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ፣ ከእንሰት ተክል ጀርባ ሁለት ክፍል በሚያከራዩ አዛውንት ባልና ሚስት ግቢ ነበር። በሩን የከፈቱልን እናትየዋ ናቸው። ጤንነታችንን ጠይቀው፣ ግቡ ብለው፣ ከዚያ በባለቤቴ ትከሻ ላይ አሻግረው መንገዱን ተመለከቱ።

«ሌላ ሰው አልወረደም?»

«የለም፣ እማማ፤ እኛ ብቻ ነን» አልኩ። እንግዳ እንዲበዛላቸው የፈለጉ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የገባን ማምሻውን ለራት ወደ ዋናው ቤት ስንጠራ ነው። ከምድጃው በላይ ቋንጣ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ አፉ በእንሰት ቅጠል የታሰረ የቅቤ ማሰሮ ተቀምጧል። ባለቤቴ ዓይኗን ስታሳርፍበት እናትየዋ፣

«የልጄ ድርሻ ነው» አሉ። «በእኛ ቤት ለመስቀል ያልደረሰ ሰው ድርሻው ይቀመጣል። እስኪመጣ ማንም አይነካውም።»

ልጁ መርካቶ ልብስ ይሸጣል። በየዓመቱ ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ጋቢ ወይም ኮት ይዞ ይመጣ ነበር። ዘንድሮ ንግዱ አልሆነለትም፤ ባዶ እጄን ከምገባ ብቀር ይሻላል ማለቱን አንድ የሰፈር ሰው ነግሯቸዋል።

አባትየው ከጥግ ሆነው ቋንጣውን በአገጫቸው አመለከቱ። «ይሄ እንደሆነ ከጣሪያው ጋር ሊጋባ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ የመስቀሉ ሰሞን ያበቃል፤ ለጎረቤት አከፋፍለዋለሁ። ለከርሞም አላስቀምጥለትም። እኔ ነጋዴ አይደለም የጠበቅኩት፤ ልጅ ነው።»

«ሽማግሌው ይቀልዳል» አሉ እናትየዋ። ቀልድ እንዳልሆነ ግን ፊታቸው ይናገር ነበር። በዚያ ቤት ድርሻ የማይቀመጥለት ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ እንደ እኛ ከጀርባ ያለውን ክፍል ይከራያል።

በማግስቱ ከተማዋን ዞርን። ደጋግሜ የምናፍቃት ያቺን ቅዳሜ ነው፤ የታጠበውን አየር፣ ገና ያልረገፈውን የአደይ አበባ፣ በገበያው የሰባት ቤት ጉራጌኛና አማርኛ እየተቀባበሉ ሲከራከሩ መስማቱን። ከሰዓት በኋላ በኪራይ መኪና ዋቤ ወንዝ ድረስ ወርደን ድልድዩ ላይ ቆመናል። ወይም እኔ ቆሜያለሁ፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች፣ «እኔ ፀሐይ ፈርቼ መኪናው ውስጥ ነበርኩ» ትለኝ ነበር። ሁለታችንም የማንክደው፣ ከከተማ በተመለስን ቁጥር እናትየዋን በሩ ላይ ማግኘታችንን ነው። አውቶቡስ ጥሩንባ ባሰማ ቁጥር ይወጡ ነበር።

እሑድ ጠዋት ልንሰናበት ስንል ቋንጣውን ከቅቤው ጋር በኮባ ጠቅልለው ለባለቤቴ ዘረጉላት።

«ልጄ፣ አድርሽልኝ። ሽማግሌው ሳያከፋፍለው እዚያው ይብላው።»

እኔ ልቀበል እጄን አንስቼ ነበር። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«አልወስድም፣ እማማ።»

«ከበደሽ?»

«አልከበደኝም። ግን ድርሻው መርካቶ ድረስ ከሄደለት እሱ ለምን ይመጣል? መልሰው ይስቀሉት። እኛ መልእክቱን እናደርሳለን።»

እናትየዋ ጥቅሉን ደረታቸው ላይ ያዙት። ከዚያ ወደ ምድጃው ተመልሰው ቋንጣውን ከቦታው ሰቀሉት።

ስልክ በየኪሱ ያልገባበት ዘመን ስለነበር በማግስቱ መርካቶ ሄደን ጠይቀን ጠይቀን አገኘነው። ሱሪ እያጣጠፈ ነበር።

«ድርሻህ አልተነሳም» አለችው ባለቤቴ፣ ሰላምታውን እንደጨረሰች።

እጁ ሱሪው ላይ ቆመ። «አባባስ?»

«እስከ እሑድ ይጠብቁሃል። ከዚያ ለጎረቤት ነው፤ ለከርሞም የለህም ብለዋል።»

«እንዴት አድርጌ ባዶ እጄን እገባለሁ፣ እትዬ?»

«እጅህን ማን ጠየቀህ? የምትበላበትን አፍ ይዘህ ሂድ!»

ጎረቤቱ ያለው ነጋዴ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም፤ ሱሪውን አጣጥፎ ሳይጨርስ ትቶት፣ ለቅዳሜ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ያንኑ ጎረቤቱን ጠየቀው። መሄድ አለመሄዱን ግን ሳናውቅ ዓመቱ ዞረ።

በሚቀጥለው መጸው ባለቤቴ ሌላ ከተማ አልሰማ አለች፤ ወልቂጤ ተመለስን። ያን ጊዜ ምን እንደለበስን፣ የትኛው ክፍል እንደተሰጠን አላስታውስም። ስለማስታውሰውም ቢሆን እንዳልምል እጠነቀቃለሁ። በሩ ሲከፈት የሆነውን ግን አልጠራጠርም፤ እናትየዋ ሁለታችንን ብቻ ነው ያዩት፤ ከኋላችን ወዳለው መንገድ ዓይናቸውን አላነሱም።

«ደግሞ ቋንጣ ፍለጋ ነው የመጣችሁት?» አሉ ባለቤቴን እያቀፉ። «ጨርሶታል። ያን ጊዜ በአንድ ቀን አራግፎት ሄደ፤ ዘንድሮም ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ያው ነው። ለእናንተ ጎመን አለ፤ ግቡ።»