ጥላሸትና የቆሻሻው ጉድጓድ

በኃይል ማመንጫው ውስጥ «ጥላሸት» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የድንጋይ ከሰል ዘመን ባልደረቦቹ ናቸው፤ ያኔ ሲያስል አክታው እንኳ ጥቁር ነበር። ሚስቱ የሥራ ልብሱን ከልጆቹ ልብስ ጋር ቀላቅላ አጥባ አታውቅም። ከዓመታት በኋላ ከሰሉ ቀርቶ ጥቁር ዘይት ማቃጠል ሲጀመር «እፎይ» አለ። ምን ዋጋ አለው! ዘይቱ ቆዳው ውስጥ ገባና ትንሿ ልጁ «አባዬ፣ ትሸታለህ» ብላ ከጭኑ ወረደች። ሳሙናውም፣ ሎሚውም፣ አመዱም አላስለቀቀለትም።

ሥራ በገባ በሃያ ስምንተኛ ዓመቱ ደግሞ ተራው የቆሻሻ ሆነ። የከተማው ቆሻሻ ተለይቶ፣ ደርቆ፣ ተቃጥሎ መብራት ይሆናል ተባለ። በሩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ሰሌዳ ተሰቀለ። እሱ ግን ምድጃው አፍ ላይ ቆሞ የሚያየውን ያያል፦ የመኪና ጎማ፣ ባትሪ፣ ደም የነካው ፋሻ፣ አንዳንዴም ያበጠ የሞተ ውሻ። ሚስቱ ማታ ሳህን ስታቀርብለት ገፋ አድርጎት ይነሳል።

አንድ ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠራው።

«ዛሬ ከከተማው አስተዳደርና ከጤና ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ። አንጋፋ ስለሆንክ አንተ ነህ የምታስረዳቸው። ቆሻሻው ተለይቶ ነው የሚቃጠለው በላቸው፤ በቃ።»

«አለቃ፣ መቼ ተለይቶ ያውቃል?»

«አፍህን ሰብሰብ አድርግ! የተባልከውን በል።»

እንግዶቹ ነጭ ቆብ አድርገው መጡ። ጥላሸት ጉሮሮውን ጠረገ። ውሸቷ ምላሱ ላይ ደረሰች፤ ከዚያ ሁሉ ክርፋት ይልቅ እሷ አቅለሸለሸችው።

«እኔ ከምነግራችሁ እናንተው እዩት» አለና የቆሻሻውን ጉድጓድ መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተው።

ዝንቡ ግር ብሎ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ በከረባቱ አፍንጫውን ያዘ። ከጤና ቢሮ የመጣችው ሴት ግድግዳ ተደግፋ አስመለሰች፤ ሲሻላት አፏን ጠርጋ «ደግሞ ካየህ ደውልልኝ» ብላ ስልክ ቁጥሯን ለጥላሸት ሰጠችው።

በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ጥላሸትን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወረው። ጎማና ባትሪ መምጣቱ ለሁለት ወር ቆመ፤ ከዚያ በሸራ ተሸፍኖ በጓሮ በር መግባት ጀመረ። ጥላሸት በግምጃ ቤቱ መስኮት እያየ ለሴትየዋ ይደውልላታል።

«ደግሞ መጣ?»

«መጣ እንጂ፣ እህቴ! ምን ያፍራሉ!»

በሦስተኛው ጥሪ ተቆጣጣሪዎች ይዛ መጣች። ሸራውን አስገለጠችና ጎማ የጫነውን መኪና ከበር አስመለሰችው። ባልደረቦቹ ጥላሸትን እያቀፉ አመሰገኑት። እሱ ግን ፊቱን አልፈታም።

«ሲያስጠላ!» አለ፣ የሚጨሰውን ጭስ ማውጫ ቀና ብሎ እያየ። «እስከ ዛሬ ስንቱን ነው ያስዋጡን!»