እስኪውጥ መጠበቅ

ጀውሃ ላይ አውቶቡሳችን ቆሞ ነበር። አንዲት ሴት በመስኮቴ ሥር የበሰለ ፓፓያ ስትሰነጥቅ፣ ሽታው ሸዋ ሮቢት ወደነበረው የልጅነት ግቢያችን ወሰደኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሦስት ዓመት ሞልቶት አንገቱን አያጸናም ነበር፤ ምግብም እንደ ልብ አይወርድለትም። እናቴ ሽንኩርት ማሳ ስትውል የማበላው እኔ ነኝ። እሷ እንዳሳየችኝ ጭኔ ላይ በጀርባው አስተኝቼ፣ አፍንጫውን ይዤ አጥሚቱን በመዳፌ እግተዋለሁ። ትን ይለዋል፣ ያለቅሳል። ከሳ ብዬ ደግሞ መዳፌን ይበልጥ እሞላዋለሁ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ዘሃራ ደረሱብኝ። አልተቆጡኝም።

"እስቲ አንቺም ተኚ" አሉኝ።

ተኛሁላቸው። አፍንጫዬን ይዘው አንድ እፍኝ ውሃ አፌ ውስጥ አፈሰሱት። ትን ብሎኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ተፈናጥሬ ተነሣሁ።

"እሱ እኮ መነሣት አይችልም፣ ልጄ" አሉ።

ከዚያ ወንድሜን ቀና አድርገው ደረታቸው ላይ አስደገፉት። ፓፓያ በጣታቸው ደፍጥጠው ከንፈሩ ላይ ጠብ አደረጉለት።

"አሁን ዝም ብለሽ ጉሮሮውን እዪ። እስኪውጥ ሌላ እንዳትጨምሪ።"

ቆየ። ቆየና ጉሮሮው ወጣ፣ ወረደ። ሳያለቅስ ሲበላ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማታ እናቴ ገና ከበር "በላ?" ብላ ጠየቀችኝ። "በላ" አልኳት። አፍንጫ ይዞ መጋቱን ያሳየችኝ እሷ ስለሆነች ግን፣ እንዴት እንደበላ አልነገርኳትም።

ሴትየዋ በመስኮቱ አንድ ቁራጭ አቀበለችኝ። ትንሽ ቆርሼ ጎረስኩ። እስክውጠው ሌላ ሳልጨምር፣ አውቶቡሱ ከጀውሃ ወጣ።